ጥርጣሬ በክፍያ

አራት ሰዓት ሽቅብ፣ ሃያ ደቂቃ ቁልቁል። ከስኪ ማዕከል ውጭ የሚደረግ የተራራ ስኪ ሂሳቡ ይኸው ነው። ሊፍት የለም። በማሽን የተደለደለ መውረጃ የለም። አደጋ ቢደርስ አጠገብህ ካሉት ሰዎች በቀር ቶሎ የሚደርስልህ የለም። በዚህ ላይ ገንዘብ ከፍለህ ጋይድ ትቀጥራለህ። ሲያዩት የጤና አይመስልም፤ አውቃለሁ።

«ጋይዱ ምን ያደርግልሃል?» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ መልሱንም ራሳቸው ይሰጣሉ፤ መንገድ ያሳያል። መንገድማ ስልኬም ያሳየኛል። ዛሬ የተዳፋቱን ዲግሪ በቀለም የሚለይ ካርታ ኪስ ውስጥ ይገባል። 30 ዲግሪ ያለፈው ቢጫ፣ 35 ያለፈው ብርቱካናማ፣ 40 ያለፈው ቀይ። ቀለም ለማየት ሰው አልቀጥርም። እኔ የምከፍለው ለጥርጣሬ ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ በረዶው አዲስ ሆኖ፣ የሁላችንም ልብ ቀድሞን ቁልቁል በወረደበት ሰዓት «ቆዩ እስቲ» የሚል ሰው እፈልጋለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

እኔ የስፕሊትቦርድ ሰው ነኝ። ለማያውቀው፣ ነገሩ ስኖውቦርድ ነው፣ ሁለቱ እግር ታስሮበት በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት አንድ ሰፊ ጣውላ፤ ግን ከአፍንጫው እስከ ጭራው በቁመቱ ለሁለት ተከፍሏል። ስትወጣ ሁለት ሰፋፊ ስኪ ይሆንልሃል። ጫፍ ላይ ግማሾቹን ትገጥማለህ፣ ጫማህን የሚይዘውን ባይንዲንግ ነቅለህ አግድም ትተክላለህ፣ ከዚያ እንደ አንድ ቦርድ ትወርድበታለህ። አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ዩታ ላይ ነው። ብሬት ኮበርኒክ የሚባል ሰው ሐሳቡን ይዞ እዚያው ወደሚገኘው ቮዋሌ ኩባንያ ሄደ። ኩባንያው በ1994 ሰው የራሱን ቦርድ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሁለት የሚሰነጥቅበትን ኪት ገበያ ላይ አዋለ። ደህናውን ቦርድ በመጋዝ መክፈል! የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ድፍረት ያስቀናኛል።

ስትወጣ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ከሥር የሚለጠፈው ስኪን ደግሞ ድሮ የእውነት ቆዳ ነበር፤ አቆስጣ ከሚባለው የባሕር እንስሳ የሚወሰድ። ዛሬ ከናይለን ወይም ከአንጎራ ፍየል ጠጉር ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ይቀየጣሉ። ጠጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ስለሆነ ወደ ፊት ስትገፋው ይንሸራተታል፣ ወደ ኋላ ሊሄድ ሲል በረዶውን ነክሶ ይይዛል። ቀላል ነው፤ ግን ሙጫው በረዶ ከነካው ጣጣ ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛ ቀን ላይ ስኪኑን አውልቀህ ጃኬትህ ውስጥ፣ ሆድህ ላይ ትሸጉጠዋለህ። መጀመሪያ ላይ ያስጮሃል። ከዚያ ይለመዳል።

ስኪ ያላቸው ጓደኞቼ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ስኪናቸውን ልጠው፣ ተረከዛቸውን ቆልፈው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ፎቶ ተነስተው ይጨርሳሉ። እኔ ገና ክሊፕ ውስጥ የገባ በረዶ በጥፍሬ እየፋቅሁ ነኝ። ደረቅና ጠንካራ በረዶ ያለበትን ተዳፋት አግድም ስናቋርጥም እንደዚያው ነው፤ የእኔ ሰፊ ግማሽ ቦርድ ጠርዙ አልይዝ እያለ ቁልቁል ይሸሻል። ሜዳው ደግሞ የባሰ ነው። ስኪ ያለው በዱላው እየገፋ ያልፋል። ቦርድ ላይ ያለ ሰው ግን ፍጥነቱ ካለቀ አለቀ። ጥሩ ጋይድ ይህን ማታውኑ ካርታው ላይ ያየዋል። በስብስቡ ውስጥ ስፕሊትቦርድ ካለ መመለሻው ላይ ረጅም ሜዳ ያለበትን መንገድ ይሰርዛል፣ ካልሆነም «እዚህ ጋ እንዳትቆም፣ ከፍ ብለህ ያዝ» ብሎ አስቀድሞ ይነግርሃል። ይህን ያልነገረኝ ጋይድ ገጥሞኛል። ወገቤ ድረስ በሰመጥኩበት በረዶ ቦርዴን ተሸክሜ ስሄድ ስለ እሱ ያሰብኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ጠዋት መኪና ማቆሚያው ላይ የመጀመሪያው ሥርዓት የቢኮን ፍተሻ ነው፤ ቢኮን በበረዶ ናዳ የተቀበረን ሰው ለማግኘት ሁላችንም የምንይዘው ትንሽ ሬዲዮ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጋይዷ የምላት ሴት፣ ከእኛ ራቅ ብላ ትቆማለች። አንድ በአንድ በፊቷ እናልፋለን። መሣሪያዋ የእኔን ምልክት ከሰማ በጭንቅላቷ ትነቀንቃለች፤ አለፍኩ። ቢኮን የትም ይሠራ የትም በ457 ኪሎኸርዝ ስለሚያስተላልፍ የአንዱ ምርት ከሌላው ጋር ይሰማማል። ስልክ ከቢኮኑ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ይርቃል፤ ፍለጋ ላይ ከሆንክ 50። በባትሪ የሚሞቅ ጓንት ያደረገ ሰው ካለ እንዲያጠፋው ይነገረዋል፤ መሣሪያውን ይረብሸዋልና።

ከዚያ ልምምድ። ቢኮን ያለበት ቦርሳ በረዶ ውስጥ ትቀብርና «አሁን» ትላለች። ሰዓቷን ትይዛለች። ቢኮኑ አጠገቡ ያደርስሃል። መፈለጊያ ዘንጉ ደግሞ እዚህ ጋ ነው ይልሃል። ጊዜውን ሙልጭ አድርጎ የሚበላው አካፋው ነው። አብዛኛው ሰው ከላይ ቆሞ ቀጥታ ወደ ታች ይቆፍራል። እሷ ግን ከዘንጉ ዝቅ ብላ፣ ከተዳፋቱ በኩል ወደ ውስጥ ትገባለች፤ በረዶውንም ሽቅብ ከመወርወር ወደ ኋላ ትቀዝፈዋለች።

ደቂቃው ለምን እንደሚቆጠር ቁጥሩ ይናገራል። ስዊዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2020 በናዳ የተቀበሩ ሰዎችን መዝገብ የመረመረ ጥናት በ2024 ወጥቶ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ከተቀበሩበት ከወጡት መካከል ከመቶ 90 የሚበልጡት ይተርፋሉ። 30 ደቂቃ አካባቢ ሲደርስ የሚተርፈው ከሦስት አንድ ገደማ ብቻ ነው። በ10 ደቂቃ የሚደርስ ሄሊኮፕተር የለም። ስለዚህ ነፍስህ ያለችው ጠዋት በተዋወቅኸው ሰው አካፋ ላይ ነው። የልምምዱ ቀልድ ቶሎ የሚጠፋው ለዚህ ይመስለኛል።

ግን መሣሪያውን ሁሉ አሟልተህ፣ ጓደኞችህም ጎበዝ ሆነው፣ ላይበቃ ይችላል። በካናዳ የተደረገ ጥናት ከናዳ ሟቾች ወደ ሩብ የሚጠጉት ትንፋሽ አጥተው ሳይሆን ከዛፍና ከዓለት ጋር ተላትመው እንደሞቱ ያሳያል። ለእነሱ ቢኮን ምን ያደርጋል? ከሁሉ በላይ ዋናው ነገር ናዳው ውስጥ አለመገኘት ነው። ሌላም አለ። ሰው ከገደሉ ናዳዎች ውስጥ ከአሥር ዘጠኝ ያህሉን ያስነሳው ራሱ ተጎጂው ወይም አብሮት የነበረ ሰው ነው። ተራራው በድንገት ወደቀብን ማለት ብዙ ጊዜ አያስኬድም።

አሁን ወደ ምወደው ክፍል ልምጣ፤ ወደ ጉድጓዱ።

በረዶ የክረምቱን ታሪክ ደርቦ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ውሽንፍር አንድ ሽፋን ነው። በመካከል ደግሞ ጥርት ያሉ ቀዝቃዛ ሌሊቶች አሉ፤ በእነሱ ላዩ ላይ አመዳይ ያብባል። ቀጫጭን፣ ጠፍጣፋ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው የሚብለጨለጭ። ስንራመድበት እየተሰባበረ ያንሿሿል። እኛ ፎቶ እናነሳለን። ጋይዷ ግን ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ቀኑንና ከፍታውን ትጽፋለች። ይህ ውበት በሚቀጥለው በረዶ ሲሸፈን አይጠፋም። ከሥር ሆኖ ሳምንታት ይቆያል። ላዩ ላይ የተጠቀጠቀ ከባድ ሽፋን ይከመርበታል፤ እሱ ግን አልጠነከረም። አንድ ሰው በስኪ ሲያልፍበት ይሰበርና የላይኛው ሽፋን በሙሉ አንድ ላይ ይለቃል። ይህ ዓይነቱ ናዳ የሚወደው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያለውን ተዳፋት ነው። ለስኪ የሚጥመውም ያው እሱ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ሥራው ሁሉ በቀለለ።

ወደ ሰሜን በሚያይ፣ ብዙ በማያሰጋ ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፈረች። ደረቷ ድረስ። የጉድጓዱን ግድግዳ በአካፋዋ ልስልስ አድርጋ ላጠችው። ጓንቷን አውልቃ በጣቷ ከላይ ወደ ታች ወረደችበት። ለስላሳ፣ ለስላሳ፣ ጠንከር ያለ፣ በጣም ጠንካራ፤ ከዚያ ጣቷ ድንገት ገባ። እዚያ ላይ ቆመች። ከዚያ ከላይ ሲታይ ስፋቱ 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ዓምድ ለየች። አካፋዋን ዓምዱ ላይ አጋድማ መምታት ጀመረች። አሥሩ ከእጅ አንጓ፣ ለስለስ ያለ ምት። ምንም የለም። ቀጣዮቹ አሥር ከክርን። አራተኛው ላይ የላይኛው ክፍል በአንድ ጊዜ፣ እንደ መሳቢያ፣ ወደ እሷ ተንሸራቶ ወጣ። የተሰበረበት ገጽ በቢላ የተቆረጠ ያህል ልሙጥ ነበር። በትንሽ ካርድ ላይ ፍሬውን አንስታ ከማጉያ መነጽር ጋር አቀበለችን። ያ ያብለጨለጨው አመዳይ ነው። መልኩን እንኳ አልቀየረም።

ከመካከላችን አንዱ ጠየቀ። «ባይሰበር ኖሮ እንወርድ ነበር ማለት ነው?»

«አይ» አለች። «ጉድጓድ እሺ አይልህም። እምቢ ብቻ ነው ማለት የሚችለው።»

ነገሩን ያስረዳችን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቆማ ነው። ሃምሳ ሜትር ራቅ ብሎ ሽፋኑ ሌላ ሊሆን ይችላል። ነፋስ አንዱን ቦታ ጠርጎ ሌላውን ይሞላል። ስለዚህ ጥሩ ውጤት አግኝተህ «ፈተናውን አለፈ» ብትል ራስህን ነው የምታታልለው። መጥፎ ውጤት ካገኘህ ግን ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ መጥፎ እንደሆነ አውቀሃል። እሷ ጉድጓድ የምትቆፍረው ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም። የጠዋቱን ዕቅድ የምትሰርዝበት ምክንያት ፍለጋ ነው። ሥራዬ ብሎ ጥርጣሬን በዚህ መልኩ የሚያደራጅ ሰው ሌላ ቦታ አላየሁም።

የናዳ ማስጠንቀቂያ አምስት ደረጃ አለው። ብዙ ሰው የሚሞተው 4 እና 5 ላይ ይመስላል። ግን ያኔ አብዛኛው ሰው ከቤቱ አይወጣም። ብዙ ሕይወት የሚቀጠፈው ደረጃ 3 ላይ ነው። በእኔ ግምት የቁጥሩ ቦታም ሳያዘናጋ አልቀረም። ከአምስት ሦስት ሲባል ሰው መካከለኛ ነው ብሎ ይወስዳል።

ደረጃው 3 በነበረበት አንድ ቀን ሸንተረር ላይ ደርሰን ከሥራችን ሰፊ ጎድጓዳ ተዳፋት ተዘርግቶ ነበር። ለእሱ ነው ጠዋቱን ሙሉ የወጣነው። ከእኛ የቀደመ ሌላ ቡድን ወርዶበታል፤ የተጠማዘዘው ዱካቸው እስከ ታች ድረስ ይታያል። ጋይዷ የስኪ ዱላዋን ገልብጣ በእጀታው በኩል በረዶውን ወጋች። ገፋችው። እንደገና ሌላ ቦታ።

«አልወደድኩትም።»

«ምኑን?»

«ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ወደዚህ ሲያመጣ ነው ያደረው። ላዩ ጠንከር፣ ሥሩ ባዶ።»

«እነሱ ወርደውበት የለ እንዴ?»

«ወርደዋል» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ስኪዋን ወደ መጣንበት አዞረች።

በሸንተረሩ ተመልሰን ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ጫካ ወረድን። እሷ መጀመሪያ። «ከዱካዬ በስተግራ ብቻ፣ አንድ አንድ እያላችሁ።» በረዶው ጉልበት ድረስ ነበር፣ ማንም አልነካውም፣ ሁላችንም እንደ ልጅ ጮህን። ሆኖም ከመካከላችን አንዱ እስከ ማታ ፊቱ አልተፈታም። ማታ ተራራው ላይ ባለው ማደሪያ ያኛው ቡድንም አለ። ይስቃሉ። ግሩም ቀን ነበር አሉን። ጎድጓዳው አልተናደም። እኔ እስከማውቀው በዚያ ሳምንትም አልተናደም።

ታዲያ ልክ የነበረው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ብዙ ቀን ሲያብሰለስለኝ ቆየ። እዚያ የመናድ ዕድሉ ከሃያ አንድ ነበር ብንል እንኳ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ወራጁ ስቆ ይገባል። ተመላሹ ደግሞ ፈሪ ይባላል። ተራራው ስለ ስህተትህ አይነግርህም፤ የሚነግርህ የቀናህ ዕለት ሳይሆን የከፋህ ዕለት ነው። ያኔ ደግሞ ትምህርቱን የምትጠቀምበት ዕድሜ ላይቀርህ ይችላል። የሌላ ሰው ዱካም ቢሆን ማስረጃ አይሆንም። ሽፋኑ አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ስስ ነው። አምስት ሰው ወፍራሙ ላይ አልፎ ስድስተኛው ስሱን ሊያገኘው ይችላል።

ጋይድ ደግሞ በዚህ ላይ ነጋዴ ነው። ይህን መርሳት የዋህነት ነው። «እምቢ» ባለ ቁጥር ጉርሻው ይቀንሳል፣ ደንበኛው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ሊቀጥር ይችላል፣ ልክ እንደነበረም የሚመሰክርለት የለም። ያልተናደ ተዳፋት ማስረጃ አይተውም። እኔ ዋጋው በዛ የማልለው ለዚህ ነው። የማይረጋገጥ ነገር በየቀኑ መሸጥ ቀላል አይደለም።

ሙያው ራሱ የተደራጀው በአንድ ናዳ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 ዶክተር ሃሜል የተባለ ሰው ከሩሲያ መጥቶ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ካለችው ከሻሞኒ ጋይዶች ጋር ሞን ብላን የሚባለውን የአልፕስ ተራራ ሊወጣ ተነሳ። መንገድ ላይ መጥፎ አየር ያዛቸው፤ ጠበቁ። ከዚያ አዲስ በረዶ በወረደበት ተራራ ላይ ቀጠሉ። ተዳፋቱ ከሥራቸው ለቀቀና ሦስት ጋይዶች የበረዶ ግግሩ ስንጥቅ ውስጥ ገብተው ቀሩ። ማን ማንን ገፋ የሚለው ሲያከራክር ኖሯል። በዓመቱ፣ በ1821፣ የሻሞኒ ጋይዶች ማኅበር ተቋቋመ። ተራ የሚጠበቅበት ደንብ ወጣ፤ ለተጎዱ ጋይዶች ቤተሰቦችም መረዳጃ ተበጀ። ጄምስ ፎርብስ የተባለ የስኮትላንድ ሳይንቲስት የግግሩን የጉዞ ፍጥነት ለክቶ ነበርና አስከሬኖቹ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ከታች እንደሚወጡ ተነበየ። ከ1861 ጀምሮ ቦሶን በሚባለው ግግር ግርጌ ብቅ ማለት ጀመሩ። ማኅበሩ ዛሬም አለ። በ1965 ደግሞ የአልፕስ አገሮች የጋይድ ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን መሠረቱ። የእሱን አርማ ደረቱ ላይ ለመለጠፍ በዓለትም፣ በበረዶ ግግርም፣ በስኪም ለዓመታት መፈተን ያስፈልጋል።

አርማው ግን የራሱ አደጋ አለው፤ ለእኛ ለደንበኞቹ። ኢያን ማካሞን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ700 በላይ የናዳ አደጋዎችን መርምሮ ሰዎች በምን እንደሚሳቱ ለይቷል። ቦታውን መልመድ፣ በሌሎች ዓይን መወደድን መፈለግ፣ አንዴ የተጀመረን ነገር አለመተው፣ አዲሱ በረዶ ከማለቁ በፊት መቅደም፣ ሌሎች ሰዎች በመኖራቸው መደፋፈር። ከእነዚህ ጋር አንድ ሌላ አለ፤ ያውቃል የተባለን ሰው ዝም ብሎ መከተል። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ስለ ናዳ ሥልጠና የወሰዱ ነበሩ። አለማወቅ ብቻ አይደለም የሚገድለው።

ስለዚህ ጥርጣሬ በገንዘብ ገዛሁ ብዬ የራሴን ጥርጣሬ ቤት ትቼ መውጣት አልችልም። ጥሩ ጋይድም ይህን አይፈልግም። የእኛዋ በየማረፊያው «ማን ምን አየ?» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ለወግ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን አንዷ ጓደኛችን «ቅድም ከእግሬ ሥር ውምፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ግን ምናልባት…» ስትል ጋይዷ ንግግሯን አላስጨረሰቻትም። የት ጋ? መቼ? አብረው ተመልሰው አዩት። ያ ድምፅ ከሥር ደካማው ሽፋን ሲሰበር የሚሰማ ነው፤ ከማንኛውም ጉድጓድ የበለጠ ይናገራል። ጓደኛችን ላለማስቸገር ብላ ለአንድ ሰዓት ያህል ይዛው ነበር። ይሉኝታ በዚህ ተራራ ላይ ቦታ የለውም። አውቃለሁ፣ ለመናገር ቀላል ነው።

አሁን አዲስ ጋይድ ስፈልግ ስለ ልምዱ ብዙ አልጠይቅም። ፈቃዱን አያለሁ፣ ስንት ሰው ይዞ እንደሚወጣ እጠይቃለሁ፤ ከስድስት በላይ ካለኝ ሌላ እፈልጋለሁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ «መጨረሻ ላይ ደንበኛ ይዘው ሳይወጡ የተመለሱት መቼ ነው?» አንዱ ፎቶዎች ላከልኝ። ሌላው «እኔ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አያጋጥምም» አለ። ሦስተኛው የጻፈልኝ አጭር መልስ ነው። ትላንት ተመልሰናል፣ ከትላንት ወዲያም ተመልሰናል፣ ነገም እንደዚሁ ይመስለኛል፤ ከፈለጉ ግን ከጫካው በታች ጥሩ በረዶ አለ። ቀብዱን የላክሁት ለእሱ ነው።